የማረጥ ወበቅና የመንዝ ማዕድ

ሥጋ፣ ወተትና ዘይት ቀንሳ አትክልትና ጥራጥሬ የምታዘወትር ሴት በማረጥ ዘመን የሚመጣባት ድንገተኛ ወበቅ ይቀልላታል የሚለው ምክር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየተደጋገመ ይሰማል። ምክሩ መሠረት አለው። በአሜሪካ በሐኪሙ ኒል ባርናርድ የተመራ ቡድን በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መካከለኛ ወይም ብርቱ ወበቅ የሚመታቸውን 84 ያረጡ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ለ12 ሳምንታት ከእንስሳት ተዋጽኦ ፍጹም የራቀና ቅባቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ፣ በየቀኑም ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ አኩሪ አተር እንዲበላ ተደረገ፤ ሌላው የለመደውን ቀጠለ። ውጤቱ ሜኖፖዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 በከፊል፣ በ2023 ደግሞ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ፣ ምግባቸውን በለወጡት ሴቶች ዘንድ መካከለኛውና ብርቱው ወበቅ በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ከሆርሞን መድኃኒት ጋር የሚወዳደር ቁጥር ነው፤ ብዙ ጆሮ ማግኘቱም አያስገርምም።

ይህን ምክር ይዞ በመንዝ ወዳለችው መሐል ሜዳ የሚወጣ ሰው ግን ምክሩ ቀድሞት ደርሶ ያገኘዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚልቀው በዚያ ደጋ የዘወትር ማዕድ የገብስ እንጀራና ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ቅንጬ፣ የባቄላና የአተር ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። በጉ በመንዝ ቢበዛም አብዛኛው ለገበያ ነው፤ ሥጋ በአመዛኙ የበዓል ነው። በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴ፣ ጾመ ነቢያት፣ የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ ተደምረው ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይርቃል። የአሜሪካዎቹ ሴቶች ሙከራ በጠቅላላው 84 ቀን ነበር። የመንዝ እናት ከዚያ እጥፍ በላይ በየዓመቱ፣ ያውም ከልጅነቷ ጀምራ ስትፈጽመው ኖራለች። እንግዲህ ወይ ወበቅ በመንዝ ደጋ የማይታወቅ ነገር መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ ሙከራው ያሳየው ነገር ዜናው ከሚለው የተለየ ነው። እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። ከዚያም አልፎ፣ ለዚያች ሴት ከምግብ አንጻር የሚሰጠው ትክክለኛ ምክር ለአሜሪካዊቷ ከሚሰጠው ጋር በአንድ ዋና ነጥብ ይጋጫል።

በመጀመሪያ ወበቁ ከየት እንደሚነሣ እንይ። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ሥርዓት አለ። በወትሮው የውስጥ ሙቀታችን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይህ ሥርዓት ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ላብም ብርድ ብርድ ማለትም የሚመጣው ከዚያ ሲያልፍ ነው። በማረጥ ጊዜ ኤስትሮጅን ሲቀንስ በአካባቢው ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ከልክ በላይ ይነቃሉ፣ በዝምታ የሚታለፈውም የሙቀት ልክ ይጠባል። ያኔ አንድ ስኒ ትኩስ ነገር ወይም አንድ ተጨማሪ ጋቢ እንኳ ሰውነት የጋለ ያህል ይቆጠርና የቆዳ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ፊትና ደረት ይግላል፣ ላብ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ብርድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ፌዞሊኔታንት የተባለው መድኃኒት የሚሠራው በቀጥታ እነዚህን የነርቭ ሕዋሳት በማርገብ ነው። ነገሩ በሳምንታት የሚያልፍም አይደለም። ስዋን በሚል ምህጻር የሚታወቀውና በአሜሪካ ብዙ ዘሮችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ወበቁ በአማካይ 7.4 ዓመት እንደሚቆይ አሳይቷል፤ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች 10.1፣ በጃፓን ዘሮች 4.8። ስለዚህ ምግብ ወበቅን ይቀንሳል የሚል ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ የት ቦታ እንደሚገባ ማሳየት አለበት፤ ኤስትሮጅንን በመተካት ነው፣ የሰውነትን ስብ በመቀነስ ነው፣ ወይስ ቀስቃሹን በማራቅ?

የባርናርድ ሙከራ እነዚህን አልለየም። ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ሥጋ ተዉ፣ ዘይት ቀነሱ፣ አኩሪ አተር ጨመሩ፣ በአማካይም 3.6 ኪሎ ከሱ። የትኛው እንደረዳቸው ማወቅ አይቻልም። ሌላም አለ። ሴቶቹ ምን እንደሚበሉ ያውቃሉ፣ ምን እንደሚጠበቅም ያውቃሉ፤ ምንም ያልለወጡት ሴቶች እንኳ ወበቃቸው በ34 በመቶ ቀንሷል። ይህ የወበቅ ጥናት ሁሉ ጣጣ ነው። ኮክሬን የተባለው የመረጃ መርማሪ ማኅበር የሆርሞን ሕክምና ሙከራዎችን ሲያጠቃልል፣ ምንም መድኃኒት የሌለበትን ክኒን የዋጡት ሴቶች ወበቅ ከጥናቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝቷል። ጊዜ ያልፋል፣ ተስፋ ይረዳል፣ ሰው ወደ ጥናት የሚገባውም ሲብስበት ነው። ሙከራውን ያካሄደው ተቋም ለረጅም ዓመታት ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ አመጋገብን ሲሰብክ የኖረ መሆኑም መታወቅ አለበት። ይህ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም፤ በሌላ እጅ ይደገም ለማለት ግን በቂ ምክንያት ነው። የሰሜን አሜሪካው የማረጥ ማኅበር በዚያው በ2023 ባወጣው መግለጫ ሆርሞን ካልሆኑ መፍትሔዎች ፌዞሊኔታንትን፣ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናንና ክብደት መቀነስን ሲደግፍ፣ አኩሪ አተርንና ተጨማሪ ንጥረ ምግቦችን አልመከረም።

አኩሪ አተር ጥራጥሬ ነው፣ መንዝም የጥራጥሬ አገር ነው የሚል ይኖራል። ችግሩ ጥራጥሬ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ኤስትሮጅንን በመጠኑ የሚመስሉት አይሶፍላቮን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በአኩሪ አተር በብዛት ሲገኙ፣ በባቄላና በምስር ያለው መጠን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አኩሪ አተር ደግሞ የፓዌና የምዕራቡ የሞቃት ቦታ ሰብል ነው፤ የመሐል ሜዳን ውርጭ አይችለውም። ቢመጣም እንኳ ከአይሶፍላቮኑ ኢኳል የተባለውን ይበልጥ የሚሠራ ንጥረ ነገር የሚያወጡት በአንጀታቸው ተስማሚ ባክቴሪያ ያላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነዚህም በምዕራባውያን ዘንድ ከሦስት አንድ ገደማ፣ በምሥራቅ እስያ ከግማሽ በላይ ናቸው። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2013 43 ሙከራዎችን መርምሮ፣ ጄኒስታይን የተባለውን በተጠናከረ መጠን ከመስጠት በቀር፣ አስተማማኝ ጥቅም አላገኘም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለመንዝ ቅርብ የሆነው ታሪክ የተልባ ነው። ተልባ የደጋ ሰብል ነው፤ በጾም ለፍትፍት ይሆናል፣ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ለጨጓራም ይታመንበታል። ሊግናን የተባለ ኤስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገርም እንደ ተልባ የሞላበት እህል የለም። በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 30 ሴቶች በየቀኑ 40 ግራም የተፈጨ ተልባ ለስድስት ሳምንት እንዲወስዱ አድርገው፣ የወበቁ ብዛትና ብርታት ሲደመር በ57 በመቶ መቀነሱን አስታወቁ። የማወዳደሪያ ቡድን ግን አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን አውቀው፣ በ2012 በወጣው ሌላ ሙከራ 188 ሴቶችን በዕጣ ከፍለው ለግማሾቹ ተልባ ያለበት፣ ለግማሾቹ ተልባ የሌለበት ተመሳሳይ ጥፍጥፍ ሰጡ። በሁለቱም ወገን ከሦስት አንድ ያህሉ ሴቶች ወበቃቸው በግማሽ ቀነሰላቸው፤ በተልባውና በማስመሰያው መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ ያነበበ ሰው የመንዝ ተልባ መድኃኒት ነው ብሎ በገበያ ሊሸጠው ይችል ነበር። ሁለተኛውን ያነበበ ተልባውን ለሆድ ድርቀቱና ለጣዕሙ ይበላዋል። ስለ ምግብና ስለ ወበቅ የሚወራ ሌላ ነገር ሁሉ በዚህ ሚዛን ቢመዘን ደግ ነው፤ የባርናርድ ሙከራም የተልባው ሁለተኛ ወረቀት ገና አልወጣለትም ማለት ነው።

በምግብ በኩል ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው ክብደት ነው። ስብ ሙቀትን አፍኖ ይይዛል፤ በማረጥ መግቢያ ላይ ወፍራም ሴቶች ይበልጥ ስለ ወበቅ እንደሚያማርሩ ስዋን አሳይቷል። የሴቶች ጤና ኢንሺዬቲቭ በሚባለው የአሜሪካ ጥናት ሆርሞን የማይወስዱ 17,473 ሴቶች ሲታዩ፣ ቅባት በቀነሱት ዘንድ አራት ኪሎ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ የከሱት ወበቃቸው የመጥፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። የምክሩ ጫፍ መንዝ ላይ የሚሰበረው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጫጫ፣ 8 በመቶው ብቻ ወፍራም መሆናቸውን መዝግቧል። ወፍራሞቹም ያመዝኑ የነበረው በከተማ ነው። ለአዲስ አበባዋ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ለዋሽንግተኗ ኢትዮጵያዊት ክብደት ቀንሺ ማለት አስተዋይ ምክር ሊሆን ይችላል። ኩበት ተሸክማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ከብት አግዳ ለምትውል የመንዝ ሴት ግን ያው ምክር ጉዳት ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ይሳሳል፣ ቀጭን ሴት ደግሞ ለስብራት ይበልጥ ትጋለጣለች። እሷን የሚያሳስባት ካልሲየምና ፕሮቲን ማነሱ ነው፤ በጾም ወተት ስለማይነካ በፍስክ ቀን ያለው ወተት ሁሉ ወደ ገበያ ወይም ወደ ልጆች ብቻ እንዳይሄድ፣ በጾሙም ጥራጥሬው እንዳይሳሳ ማሰብ ከሁሉ ይቀድማል። ስለዚህ ለአንዷ ቀንሺ ለሌላዋ ጨምሪ የሚባልበት ጉዳይ ነው፤ አንድ ምክር ለሁለቱም አይሆንም።

እዚህ ላይ በጣም የሚከብደው ተቃውሞ ይመጣል። የደጋዋ ሴት ስለ ወበቅ ስታማርር አልተሰማም፤ ታዲያ ጾሙና ገብሱ ጠብቀዋት አይደለምን? ይህ አሳብ ክብር የሚገባው ነው፤ በዓለም አቀፉ ምርምርም አንዲት የኢትዮጵያ ተወላጅ ስሟ ያለበት ታሪክ አለው። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁሯ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ በሜክሲኮ ዩካታን የሚኖሩ የማያ ገበሬ ሴቶችንና በግሪክ ኤቪያ ደሴት ያሉትን ገበሬዎች አወዳድራ፣ የግሪኮቹ ወበቅ እንዳለባቸው ሲናገሩ የማያዎቹ እንደማያውቁት መናገራቸውን ጻፈች። ምግባቸውን፣ የወሊዳቸውን ብዛትና ኑሯቸውን በምክንያትነት አነሣች። በኋላ የማያዎቹ ሆርሞን ሲለካ ከአሜሪካዎቹ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ መገኘቱ ነገሩን ይበልጥ አጓጊ አደረገው። ሆኖም በሌሎች የማያ ማኅበረሰቦች የተጠየቁ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ወበቅ እንዳለባቸው ተናግረዋል። የጃፓን ሴቶችም በአኩሪ አተር ምክንያት ወበቅ አያውቁም ሲባል ቆይቶ፣ ስዋን በጃፓን ዘሮች ላይ ወበቁን አነስተኛ ሆኖ አገኘው እንጂ አላጣውም። ከእነዚህ የምወስደው፣ አንድ ማኅበረሰብ ወበቅ የለበትም ማለት የሚቻለው ተጠይቆ፣ ተደጋግሞ ተጠይቆ ሲታወቅ ብቻ መሆኑን ነው። ብርዱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በላቦራቶሪ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሴቶች በሞቃት ክፍል ካሉት ያነሰ ወበቅ ይመታቸዋል። የመሐል ሜዳ ውርጭ የሚሠራውን ለገብሱ መስጠት ስሕተት ይሆናል። እንደገናም ያችው ሴት ሌሊት ከመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከባና በታች ተኝታ ነው፤ የባናውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

በአገራችን ደግሞ ጥያቄው ራሱ አልተጠየቀም ማለት ይቻላል። የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተደጋግሞ ሲካሄድ የሚያነጋግራቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። ማረጥ የሚለካው ከ30 እስከ 49 ባሉት፣ ያውም የወር አበባቸው ለስድስት ወር መቋረጡን በመቁጠር ብቻ ነው፤ ወበቅ፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት የሉበትም። ብዙ ሴቶች ወበቁ የሚበረታባቸው መጠይቁ በሩን በሚዘጋበት ዕድሜ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእናቶችና ለሕፃናት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ወልዳ የጨረሰችን ሴት ግን የሚፈልግበት ምክንያት አነስተኛ ነበር። ስለዚህ የደጋዋ ሴት ዝምታ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ አይገባም። ላቧን ምች ነው፣ ብርድ መታኝ፣ ዕድሜ ነው ብላ ብታልፈው ማን መዝግቦባት?

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላልም። በኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ገና ከባድ ሸክም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከሚበረታባቸው አገሮች ተርታ ያስቀምጣታል። የከሳችና ሌሊት የምታልብ ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ባለሙያው ቲቢን ማሰቡ ልክ ነው፣ መመርመርም አለበት። እንቅርትም በደጋው የቆየ ችግር ነው፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ላብና ሙቀት ያመጣል፣ ያከሳልም። እነዚህ ሁለቱ አለመሆናቸው ከተጣራ በኋላ ግን የወር አበባሽ መቼ ቆመ የሚለው ጥያቄ ካልተከተለ ሴትዮዋ ያለ መልስ ትመለሳለች፣ ወይም ሳያስፈልጋት መድኃኒት ትወስዳለች። የተገላቢጦሹም አደጋ አለ፤ ላቡን ሁሉ ማረጥ ነው ብሎ ቲቢን ማሳለፍ። ወበቅ ቅንጦት ነው፣ መንዝ ከዚህ የባሰ ስንት ችግር አለበት ለሚል ሰው መልሴ ይኸው ነው። ይህ አዲስ ክሊኒክ የሚያሠራ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ የሚጨመርበት ነው። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ በላብ የምትነቃ ሴት ደግሞ ጠዋት ምጣድ ላይ ስትቀመጥ እንቅልፍ አልባ ናት።

ምጣዱ ከተነሣ፣ ስለ ቀስቃሾች ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የማዮ ክሊኒክ ጥናት 1,806 ሴቶችን ጠይቆ፣ ካፌይን የሚወስዱ ያረጡ ሴቶች ወበቁ ይበልጥ እንደሚያስቸግራቸው አገኘ። መጠይቅ ስለሆነ ቡናው አመጣው አይባልም፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣች ሴት ቡና ብታበዛም ያው ቁጥር ይወጣል። ስለ አልኮል የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፣ የመንዝን አረቄ ለመኮነንም ለማጽደቅም አይበቁም። ስለ በርበሬና ሚጥሚጣ ማስረጃው ከዚህም የሳሳ ነው፣ ላብ ማምጣታቸውን ግን ሁሉም ያውቃል። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱን በትኩሱ የምትጠጣ፣ ከምድጃ አጠገብ የምትውል ሴት ለሁለት ሳምንት በረካውን ትታ፣ ቡናውን አቀዝቅዛ ብትሞክርና ለውጥ ብታይ አንዳች አትከስርም። ለውጥ ካላየች ደግሞ ቡናዋን የሚነፍጋት ምክንያት የለም። ጎረቤት የሚገናኝበት ቡና በሳሳ ማስረጃ የሚከለከል ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው፣ መንዝ ብርቅ የሆነ የምርምር ዕድል በእጁ መሆኑ ነው። ባርናርድ ከ84 ሴቶች የአንደኛውን ወገን ምግብ ለማስቀየር ብዙ ደከመ። በመንዝ አንዲቷ ሴት በዓመት አራት ጊዜ፣ በማንም ሳትገደድ፣ ማዕዷን ትለውጣለች። ጾመ ነቢያት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ይውላል፣ ሁዳዴ ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት፣ የሐዋርያት ጾም ዝናብ ሲገባ፣ ፍልሰታ በነሐሴ። የወበቅ ቁጥር በአራቱም ጾሞች ቢቀንስና በፍስኩ ቢጨምር፣ ወቅቱ አይደለም ምግቡ ነው የሚለው ክርክር ከባርናርድ ይልቅ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠናከራል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይመስለኝም። ጾሙ የምግብ ዓይነት ብቻ አይለውጥም፣ ሰዓቱንም ይለውጣል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚዋልበት ቀን አለ። በላቦራቶሪ በጥቂት ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ የደም ስኳር ሲወርድ ወበቅ ሲበዛ፣ ስኳሩ ከፍ ሲል ሲያንስ ታይቷል። እንግዲያው በጾም ቀን ከማዕዱ የተገኘው ጥቅም በሰዓቱ ሊጠፋ፣ ምናልባትም ከቀትር በኋላ ወበቁ ሊበረታ ይችላል። ይህን የሚለየው ወበቅ የመጣበትን ሰዓት ከተበላበት ሰዓት ጋር አያይዞ የመዘገበ ብቻ ነው። ያረጡት ሴቶች ሁሉም ፊደል የቆጠሩ ስላልሆኑ፣ በወበቅ ቁጥር አንዳንድ የባቄላ ፍሬ ለቀኑ በአንድ፣ ለሌሊቱ በሌላ ዕቃ ቢጥሉና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሳምንት አንዴ እየዞረች ብትቆጥር ሥራው ይጀመራል።